የተዘጋ የኒውክሌር ጣቢያ ምን ያህል መድን ይያዝ? አማራጮቹን ከባሕር ዳር ሆኖ ማመዛዘን

ጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ በ1964 ሥራ ሲጀምር 11.4 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር። ቁጥር ሁለት በ2001 በ73 ሜጋ ዋት ተከተለው። በ2010 የ460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ሲመረቅ ግን የሐይቁ ውሃ ወደዚያ ዞረና ጢስ ዓባይ ከዋና አምራችነት ወደ ተጠባባቂነት ወረደ። (ዓመታቱ እዚህም ከታችም፣ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የውሃ ኃይል ጣቢያ ተርባይኑ ሲቆም ከማሽኑ የሚመጣው አደጋም አብሮ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ለሕንፃውና ለዕቃው የእሳትና የስርቆት መድን ይዞ፣ ዘበኛ አቁሞ መቀመጥ ይቻላል።

የኒውክሌር ጣቢያ ሲዘጋ ነገሩ ሌላ ነው። ሪአክተሩ ቢጠፋም ነዳጁ መሞቁን አይተውም። ስለዚህ "ጣቢያው ተዘግቷል" የሚለው ዓረፍተ ነገር ለመድን ሰጪ ብዙም የሚነግረው ነገር የለም፤ እሱ የሚጠይቀው ነዳጁ አሁን የት እንዳለ ነው።

በመስከረም 2025 ኢትዮጵያና የሩሲያ መንግሥት የኒውክሌር ኩባንያ ሮሳቶም ሞስኮ ላይ የኒውክሌር ጣቢያን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ከተፈራረሙ ወዲህ ወሬው ባሕር ዳርም ደርሷል። የሚወራው ግን ስለ መገንባት ነው። ስለ መዝጋት ሳነሣ አንድ የመብራት ኃይል ጡረተኛ "አንተ ልጅ፣ ገና መሠረቱ ሳይቆፈር ስለ መዝጊያው ታወራለህ?" ብለው ሳቁብኝ። ጋሼ ልክ ናቸው፣ ጊዜው ገና ነው። ይሁንና የተጠያቂነት ሕግ የሚጻፈው ጣቢያው ሳይገነባ ነው። ዛሬ በሕግና በውል ያልታሰረ ግዴታ፣ ጣቢያው ከ60 ዓመት በኋላ ገቢው ሲቆም ከማን ይጠየቃል?

የሚከተለውን ጽሑፍ፣ ወደፊት ረቂቅ ሕግ ሲወጣ አስተያየት ስጡ ለሚባሉ የሕግ ተማሪዎች፣ የመድን ሠራተኞችና የምክር ቤት ሰዎች ይጠቅማል ብዬ የጻፍኩት ነው። ጣና ዳር ጣቢያ ሊሠራ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይያዝልኝ።

ሦስቱን ኪሶች መለየት

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚደረግ ክርክር ቶሎ የሚደበላለቀው ሦስት የተለያዩ ገንዘቦች በአንድ ስም ሲጠሩ ነው።

አንደኛው ከአጥር ውጭ ላለ ሰው የሚከፈል ካሳ ነው፤ የሦስተኛ ወገን ተጠያቂነት። ሁለተኛው አደጋ ሲደርስ ግቢውን ራሱን ለማረጋጋትና ለማጽዳት የሚውል ነው። ይህ ሁለተኛው ዋጋ ያገኘው በ1979 በአሜሪካ ስሪ ማይል አይላንድ ከደረሰው አደጋ በኋላ ነው። ከአጥር ውጭ የወጣው ጨረር አነስተኛ ነበር፤ የተበላሸውን ሪአክተር ማጽዳት ግን አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጀ፣ 14 ዓመት አካባቢም ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ሕግ በሥራ ላይ ያለ ጣቢያ ለዚህ ብቻ ቢያንስ 1.06 ቢሊዮን ዶላር ሽፋን እንዲይዝ ያስገድዳል። ገንዘቡም በቅድሚያ የሚውለው ሪአክተሩን ለማረጋጋትና ለማጽዳት ነው፤ ባለአክሲዮንና አበዳሪ ኋላ ይደርሳቸዋል።

ሦስተኛው የማፍረሻና የቆሻሻ ማከማቻ ፈንድ ነው። ይህ መድን አይደለም። መድን ይደርስ ይሆናል ተብሎ ለሚፈራ ነገር ነው፤ ማፍረስና ቆሻሻ ማስቀመጥ ግን መምጣታቸው የታወቀ ወጪ ነው። ጀርመን በ2017 ለቆሻሻ ማከማቻ ብቻ ከኩባንያዎቹ 24 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ሰብስባ በመንግሥት ፈንድ አስቀምጣለች። እንግዲህ አንድ ባለሥልጣን ስለ መድን ተጠይቆ "ፈንድ አለን" ካለ፣ ጥያቄውን አልመለሰም።

ስጋቱ የሚቀንሰው በምን ፍጥነት ነው?

አማራጮቹን ለማወዳደር ይህን ማወቅ ግድ ነው፤ ሁሉም የሚለያዩት ስጋቱ ቀነሰ በሚሉበት ጊዜ ላይ ነውና።

ሪአክተር እንደጠፋ ነዳጁ ከሙሉ ኃይሉ ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ሙቀት ይለቃል። ከአንድ ቀን በኋላ ግማሽ በመቶ ገደማ ይደርሳል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 1000 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ውስጡ የሚፈጥረው ሙቀት 3000 ሜጋ ዋት ያህል ስለሆነ፣ ግማሽ በመቶው 15 ሜጋ ዋት ነው። ጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ በሙሉ ኃይሉ ከሚያመነጨው ይበልጣል፤ ያውም ከጠፋ ማሽን።

ነዳጁ ከሪአክተሩ ወጥቶ ጥልቅ የማቀዝቀዣ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሪአክተሩ ባዶ ነው፤ የሪአክተር አደጋ የሚባለው ነገር አበቃ። የቀረው ትልቁ ስጋት ገንዳው ውሃውን ካጣ ነው። የነዳጁ ሽፋን የሚሠራው ከዚርኮኒየም ነው፤ ይህ ብረት 900 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ በአየር ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል። በመጋቢት 2011 በፉኩሺማ ዳይቺ አራተኛው ክፍል ለጥገና ቆሞ ነዳጁ በሙሉ ገንዳ ውስጥ ነበር። ያኔ ዓለም የፈራው ከሚሠሩት ሪአክተሮች ባልተናነሰ ይህን የቆመ ክፍል ገንዳ ነው። ውሃው እንዳልፈሰሰ በኋላ ተረጋገጠ።

የአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ገንዳው ውሃውን ቢያጣና ነዳጁ አንዳች ማቀዝቀዣ ባያገኝ፣ 900 ዲግሪ ለመድረስ ከ10 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል ወይ? ከፈጀ ሠራተኞቹ ውሃ የሚያመጡበት ጊዜ አላቸው ተብሎ ይታሰባል። እዚህ ደረጃ የሚደረሰው እንደ ሪአክተሩ ዓይነት ከተዘጋ በኋላ አንድ ዓመት ሳይሞላ ወይም ከዚያ ትንሽ ዘግይቶ ነው።

ቀጥሎ ነዳጁ በብረትና በኮንክሪት በታሸጉ ግዙፍ በርሜሎች ውስጥ ደርቆ ይቀመጥና በአየር ብቻ ይቀዘቅዛል፤ ፓምፕ አያስፈልገውም። መጨረሻው ከግቢው መውጣቱ ነው። ይህ መጨረሻ በብዙ ቦታ አልመጣም። በአሜሪካ ሜይን ያንኪ የተባለው ጣቢያ በ1997 ተዘጋ፣ ሕንፃው ፈርሶ ሜዳ ሆነ፤ 64 በርሜሎች ግን የሚሄዱበት ቦታ ስለጠፋ ዛሬም እዚያው በጥበቃ ሥር ቆመዋል።

አማራጭ አንድ፦ ነዳጁ እስኪወጣ ሙሉ መድን

ለሕግ አርቃቂ ቀላል ነው፤ ለሕዝቡም ያስተማምናል። ችግሩ ገቢ ለሌለው ጣቢያ ዋጋው መክበዱና የሽፋኑ አካል የሆነው የጋራ መዋጮ ነው።

በአሜሪካ በ1957ቱ የፕራይስ–አንደርሰን ሕግ መሠረት ሽፋኑ ሁለት እርከን አለው። የመጀመሪያው እያንዳንዱ ጣቢያ ከመድን ሰጪዎች ኅብረት የሚገዛው ሲሆን ከ2024 ጀምሮ 500 ሚሊዮን ዶላር ነው። ካሳው ከዚህ ካለፈ ሁለተኛው እርከን ይመጣል፦ አደጋው በአገሩ ውስጥ የትም ይድረስ፣ እያንዳንዱ ሪአክተር እስከ 158 ሚሊዮን ዶላር ያዋጣል፤ በየዓመቱ እየተከፋፈለ። በሌላ አነጋገር ዕድር ነው፤ ልዩነቱ መዋጮው የሚጠራው ሐዘኑ ከደረሰ በኋላ መሆኑ። ምንም የማያመነጭ፣ ነዳጁ የቀዘቀዘ ጣቢያ በሌላው የአገሩ ዳር ባለ ሪአክተር ጥፋት ይህን ያህል ክፈል ቢባል የሚከፍለው ከማፍረሻው ፈንድ ቆርሶ ይሆናል። ያ ደግሞ ሦስተኛውን ኪስ ያራቁተዋል።

ስለዚህ ሙሉ መድን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ትክክል ነው። ለ40 ዓመት ግን አይደለም።

አማራጭ ሁለት፦ በማመልከቻ የሚሰጥ ቅነሳ

አሜሪካ ለዓመታት የኖረችበት አሠራር ይህ ነው። ሕጉ ለተዘጋና ለሚሠራ ጣቢያ ልዩነት አላደረገም፤ የተዘጋው ባለቤት "ከሕጉ ነጻ አድርጉኝ" ብሎ ያመለክታል፣ የ10 ሰዓቱን ስሌት ያቀርባል፣ ተቆጣጣሪው መርምሮ ይፈቅዳል። ኬዋኒ፣ ቨርሞንት ያንኪ፣ ሳን ኦኖፍሬ የተባሉት የተዘጉ ጣቢያዎችና ሌሎችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል።

የሚገኘው ቅነሳ ትልቅ ነው። የግቢ ማጽጃው ከ1.06 ቢሊዮን ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ይወርዳል። የሦስተኛ ወገኑ 100 ሚሊዮን ይሆናል። ከጋራ መዋጮውም ይወጣሉ። 50 ሚሊዮኑ ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም፤ ትንሽ ጨረር ያለበት ውሃ የያዘ ትልቅ ማጠራቀሚያ ቢፈነዳ ለማጽዳት ስንት ይፈጃል ከሚል ግምት የመጣ ነው። ይህን ዓይነት አስተሳሰብ ወድጄዋለሁ፦ ከቀሩት አደጋዎች የከፋውን ለይቶ ዋጋውን ማውጣት።

አሠራሩን ግን ለእኛ አልመርጠውም። እያንዳንዱ ማመልከቻ በነዳጅ ሙቀት ስሌት የሠለጠኑ ብዙ መሐንዲሶች ያሉት ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። የእኛ የጨረርና ኒውክሌር መከላከል አዋጅ ቁጥር 1025/2009 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ሲወጣ በአገሩ ያለው የዕለት ሥራ የሆስፒታል ኤክስሬይና የመሳሰለው ነበር። አመልካቹም ተቆጣጣሪውም የመንግሥት በሆኑበት አገር፣ ያለ ጽሑፍ መስፈርት የሚሰጥ ነጻ መደረግ በስልክ ሊያልቅ ይችላል። ከሁሉም አማራጮች ደካማው ይህ ነው ብዬ ነው የማስበው።

አማራጭ ሦስት፦ በሕግ የተጻፈ ደረጃ በደረጃ ቅነሳ

የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ራሱ በማመልከቻው ብዛት ሲሰለች በ2022 ያቀረበው ረቂቅ ደንብ አራት ደረጃ አስቀመጠ። አንደኛው ነዳጁ ከሪአክተሩ ሲወጣ፤ ሁለተኛው ነዳጁ በበቂ ሲቀዘቅዝ፤ ሦስተኛው ነዳጁ ሁሉ ወደ ደረቅ ማከማቻ ሲገባ፤ አራተኛው ነዳጁ ግቢውን ሲለቅ። ለሁለተኛው ደረጃ ስሌት ማቅረብ ለማይፈልግ የቀን ገደብ አበጀ፦ ለፈላ ውሃ ሪአክተር 10 ወር፣ ለግፊት ውሃ ሪአክተር 16 ወር። ሩሲያ ለውጭ ገበያ የምትሠራቸው ትልልቆቹ የግፊት ውሃ ዓይነት ናቸውና እኛን የሚመለከተው 16ቱ ይሆናል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ባለቤቱ የሚከፍለውን፣ መድን ሰጪው የሚሸጠውን፣ ጎረቤቱም የሚጠብቀውን አስቀድመው ያውቃሉ። የምጠረጥረው የቀን ገደቡን ብቻ ነው። ወር ቆጥሮ መቀነስ ለቢሮ ይመቻል፤ ነዳጁ ግን በየጣቢያው የተቃጠለበት (በሪአክተሩ ውስጥ ኃይል የሰጠበት) መጠን ይለያያል። ረቂቁም ቢሆን የቀን ገደቡን ከተወሰነ መጠን በላይ ላልተቃጠለ ነዳጅ ብቻ ነው የፈቀደው። ያንን ቅድመ ሁኔታ የሚቀዳ አገር ረስቶ 16 ወሩን ብቻ እንዳይወስድ።

አማራጭ አራት፦ ዓለም አቀፍ ስምምነት

በኒውክሌር ተጠያቂነት ላይ ሁለት የስምምነት ቤተሰቦች አሉ። የ1960ው የፓሪስ ስምምነት በአብዛኛው የምዕራብ አውሮፓ ነው። ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ የባለ ጣቢያው ዝቅተኛ ተጠያቂነት 700 ሚሊዮን ዩሮ ሆነ፤ ስጋታቸው አነስተኛ ለሆኑ ተቋማት እስከ 70 ሚሊዮን መውረድ ይቻላል። ብሪታንያ በመሃል 160 ሚሊዮን ዩሮ የሚባል ሌላ እርከን ጨምራለች። በ2014 ደግሞ ነዳጁ ወጥቶለት በመፍረስ ላይ ያለና ቀሪው ጨረር ከወሰን በታች የሆነ ተቋም ከነጭራሹ ከስምምነቱ እንዲወጣ በር ተከፍቷል። ደረጃዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ቤቱ ግን የሌላ ሰው ነው፤ ሌላ አገር ለመግባት የአባላቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ለእኛ የሚቀርበው የ1963ቱ የቪየና ስምምነት ነው። ለተባበሩት መንግሥታት አባላት ሁሉ ክፍት ነው፤ ሩሲያም፣ የዓባይ ተጋሪያችን ግብፅም አባል ናቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሁለት ጽሑፍ አለውና። በ1963ቱ ጽሑፍ ዝቅተኛው ተጠያቂነት 5 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በዚያን ጊዜው የወርቅ ዋጋ የሚሰላ። የ1997ቱ ማሻሻያ ወደ 300 ሚሊዮን ኤስ.ዲ.አር. (የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ገንዘብ) አሳደገው፤ በአካል ለደረሰ ጉዳትና ለሞትም የክስ ጊዜውን ከ10 ወደ 30 ዓመት አራዘመ።

በ1997ቱ ውስጥ ለተዘጋ ጣቢያ ከሁሉ የሚጠቅም አንድ አንቀጽ አለ። አገሩ እንደ ተቋሙ ዓይነት የባለ ጣቢያውን ድርሻ እስከ 5 ሚሊዮን ኤስ.ዲ.አር. ድረስ ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ ግን ልዩነቱን እስከ ሙሉው መጠን ከመንግሥት ካዝና ለመሙላት ግዴታ ይገባል። የአረቦኑ ሸክም ይቀንሳል፤ የተጎጂው መብት ግን ባለበት ይቆያል።

አማራጭ አምስት፦ ያልተገደበ ተጠያቂነት፣ ወይም ጥሬ ገንዘብ

ጀርመን የመጨረሻዎቹን ሦስት ጣቢያዎች ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ዘጋች። በሕጓ የባለ ጣቢያው ተጠያቂነት ጣሪያ የለውም፤ ለሚሠራ ጣቢያ እስከ 2.5 ቢሊዮን ዩሮ ዋስትና ይጠየቅ ነበር፣ ከዚያ ውስጥ መድን የሸፈነው 256 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ሲሆን ቀሪው ኩባንያዎቹ እርስ በርስ በገቡት ዋስትና ነበር። አራት ሀብታም ኩባንያ ላለው አገር ይሠራል። አንድ ጣቢያ ብቻ ያለው አገር ማን ከማን ጋር ይዋዋላል?

የጃፓኑ ተሞክሮ ግን ትምህርት አለው። ከፉኩሺማ አደጋ በኋላ በጥር 2012 የመድን ሰጪዎቹ ኅብረት ለተጎዳው ጣቢያ ውሉን አላድስም አለ። ባለቤቱ ቴፕኮ በሕጉ የተፈቀደውን ሌላ መንገድ ይዞ 120 ቢሊዮን የን በጥሬ ገንዘብ አስያዘ። መድን የሚሸጥ ሰው ሊጠፋ ይችላል። ሕጉ በር ካላበጀ ግዴታው በወረቀት ላይ ይቀራል።

የእኔ ምርጫ

ሦስተኛውን ከ1997ቱ ቪየና ጋር አጣምሬ እወስዳለሁ። ደረጃዎቹ በአዋጅ ይጻፉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ግን ቀን ሳይሆን ተለክቶ ለሕዝብ የወጣ የነዳጅ ሁኔታ ይሁን። የግቢ ማጽጃው ሽፋን በሁለተኛው ደረጃ በደንብ ይቀንስ፤ የሦስተኛ ወገኑ ግን ነዳጁ ግቢውን እስኪለቅ ወለል ይኑረው። መድን ከጠፋ የተያዘ ገንዘብ ወይም የባንክ ዋስትና ይፈቀድ። የመመለሻ መንገድም ይጻፍ፦ በሚሺጋን የሚገኘው ፓሊሴድስ በግንቦት 2022 "ለዘለቄታው" ተዘጋ፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ወደ ሥራ ላይ ጣቢያነት እንዲመለስ ተፈቀደለት። ነዳጅ ተመልሶ ሳይጫን በፊት ሙሉ መድኑ መመለስ አለበት።

አገር ውስጥ ያሉት መድን ሰጪዎች ይህን ብቻቸውን አይሸከሙትም፤ ተጣምረው ትንሽ ድርሻ ይይዙና ቀሪውን በጠለፋ ዋስትና (መድን ሰጪው ራሱ በሚገዛው መድን) ወደ ውጭ የኒውክሌር ኅብረቶች ያስተላልፋሉ። ብሔራዊ ባንክ በረቂቁ ውይይት ላይ ከመጀመሪያው መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው።

"ልዩ ሕግ ባይኖርስ?" ለሚል፦ የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2069 እጅግ አደገኛ የኢንዱስትሪ ሥራ የሚሠራ ሰው አደጋው ሲደርስ ጥፋት ባይኖረውም ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። ተጎጂ ሊከስበት ይችላል። ከኋላው ግን ገንዘብ መኖሩን የሚያስገድድ ነገር የለም፤ ፍርድ ይዞ ባዶ ካዝና ማንኳኳት ይመጣል።

ካሳ የሚከፈለው ለምን ጉዳት ነው?

ጣናን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። የውሃ ዳር ጣቢያ አደጋ ቢደርስበትና ምንም ሰው ባይታመም እንኳ፣ ዓሣ ለሳምንታት አትሽጡ ይባላል፤ የፎገራ ሩዝ ገዢ ያጣል፤ ወደ ዘጌ ገዳማት ቱሪስት የሚያመላልሱ ጀልባዎች ይታሰራሉ። ዓሣ አስጋሪው ጀልባውም መረቡም ደህና ነው። ያጣው ገቢውን ነው። በ1963ቱ የቪየና ጽሑፍ ይህ ይካስ አይካስ ለፍርድ ቤቱ አገር ሕግ የተተወ ነበር። በ1997ቱ ግን ከኢኮኖሚ ጉዳት በተጨማሪ አካባቢው በመበከሉ የቀረ ገቢና አካባቢውን መልሶ የማዳን ወጪ በስማቸው ተጽፈዋል። በስሪ ማይል አይላንድ የመድን ሰጪዎቹ ሰዎች መጀመሪያ የከፈሉት ለሕክምና አልነበረም፤ በአምስት ማይል ውስጥ ያሉ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ቢወጡ ይሻላል ተብለው ቤታቸውን ለለቀቁ ቤተሰቦች ለማደሪያና ለዕለት ወጪ ነበር። ረቂቅ ሲመጣ "ጉዳት" የሚለውን ትርጉም አንቀጽ ከቁጥሮቹ በፊት ያንብቡ።

የራስዎ ውል

"እኔ የቤት መድን ስላለኝ አያሳስበኝም" የሚል ይኖራል። የእሳት፣ የመኪናም ሆነ የሆቴል የመድን ውልዎን አውጥተው የማይሸፈኑ ነገሮች የሚለውን ክፍል ይመልከቱ። ከጦርነትና ከሕዝብ ሁከት አጠገብ፣ ከኒውክሌር ነዳጅ ወይም ቆሻሻ በሚወጣ ጨረርና ብክለት የሚደርስ ጉዳት የሚል መስመር ብዙ ጊዜ አለ። መስመሩ የገባው መድን ሰጪዎች በየቦታው ያለው የኒውክሌር ስጋት በአንድ የተለየ ኅብረት ብቻ እንዲያዝ ስለተስማሙ ነው። ስለዚህ በዚህ ዓይነት አደጋ ላይ የባሕር ዳር ሆቴል ባለቤትም፣ የባጃጅ ባለቤትም የሚጠይቁት የራሳቸውን ኩባንያ ሳይሆን የጣቢያውን መድን ነው። ያ መድን በተዘጋ ጣቢያ ላይ ስንት ብር እንደቀረ የሚወስነው ደግሞ ከላይ ካሉት አማራጮች የተመረጠው ነው።